ያልተጣራ ወሬና የጎመን ሻጯ ሐቅ



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስንነሳ ዋናው ዓላማችን ኬሚስትሪ ለማስተማር አልነበረም። እንደ ቤተሰብ የፈጸምነውን አንድ ጥፋት ለማመንና ሌላው ቤተሰብ ከእኛ እንዲማር ለማድረግ ነው። ሆኖም ጥፋታችን የተሠራው በኬሚስትሪ ስም ስለነበር ኬሚስትሪውን ሳይነኩ ጥፋቱን መናገር አልተቻለም። ስለዚህ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

የምንኖረው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ቱሉ ዲምቱ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ - አዳማ ፈጣን መንገድ ከዚሁ አካባቢ ስለሚነሳ ብዙ ሰው ስሙን የሚያውቀው በመንገዱ ነው። እኛ ግን የምናውቀው በአፈሩ ነው። ለጁሙዓ ሶላት ነጭ ጀለቢያ ለብሶ የወጣ ሰው፣ ዝናብ ከነበረ፣ ጫፉ ቀልቶ ይመለሳል። እናታችን ከመርካቶ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም የተዛወርን ሰሞን «ይህ አፈር ነው ወይስ በርበሬ?» ትል ነበር።

ከሕንፃችን ደረጃ ሥር ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን። ከእኛ በፊት፣ ይህ ቦታ እርሻ በነበረበት ዘመን እዚህ የኖሩ ናቸው። ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። እናታችን ገንዘብ ባጣች ቀን «ውሰጂው፣ ነገ ትሰጪኛለሽ» ብለው ጎመኑን በፌስታል ያንጠለጠሉላት ጊዜ ብዙ ነው። እንግዲህ የዚህ ታሪክ ተበዳይ እኚህ እናት ናቸው። በዳዮቹም እኛ ነን።

«ክሮሚየም ተገኘ»

ነገሩ የጀመረው በሻዕባን ወር ነበር። ከእኛ ጋር የሚኖረው የአጎታችን ልጅ የኬሚስትሪ ተማሪ ነው። ስለ አቃቂ ወንዞች መበከል በትምህርቱ ሲሰማ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከወንዙ ዳር ጥቂት አፈር በብልቃጥ ይዞ ሄደ። በሚማርበት ቦታ በእጅ የሚያዝ፣ በኤክስሬይ የሚሠራ የንጥረ ነገር መለያ መሣሪያ ነበረ። አፈሩን አስጠግቶ ሲለካው በመስታወቱ ላይ ብረት፣ ቲታኒየም፣ ማንጋኒዝ እያለ ቆጥሮ ከመካከላቸው «ክሮሚየም» የሚል ጻፈ።

ማታ እራት ላይ ይህን ነገረን። ክሮሚየም ካንሰር እንደሚያመጣ አንብቦ ስለነበር እሱንም ጨመረበት። ታናሽ እኅታችን ስልኳን አነሳች። የሕንፃችን ነዋሪዎች በሚገናኙበት የቴሌግራም ገጽ ላይ «በወንዙ ዳር አፈር ካንሰር አምጪ ክሮሚየም ተገኝቷል። ሰፈር ውስጥ ከሚሸጥ ጎመን እንጠንቀቅ» ብላ ጻፈች። ማናችንም «ቆይ» አላልናትም። እንዲያውም አባታችን «ሰውን ከጉዳት ማዳን ምንዳ አለው» ብሎ አበረታታት።

ወሬው ኢሻ ሳይሰገድ ሕንፃውን አዳረሰ። በማግስቱ የአዴ ጎመን ሳይነካ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ጠወለገ። በሳምንቱ አዴ ደረጃው ሥር አልነበሩም። «ጎመን ሻጯ የት ሄዱ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማንም። ሁሉም ከመኪና ላይ ከሚሸጡ ሰዎች መግዛት ጀመረ። የእነዚያ ጎመን ግን በየትኛው ውሃ እንደበቀለ የጠየቀ ማንም የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ አንድ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አባታችን «ጋሼ፣ ግቡ እንጂ» አላቸው። ቡና ቀርቦላቸው አንድ ሲኒ ከጠጡ በኋላ ወደ አጎታችን ልጅ ዞር ብለው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦

«ልጄ፣ የትኛውን ክሮሚየም ነው ያገኘኸው?»

ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ክሮሚየም ክሮሚየም ነው እንጂ «የትኛው» የሚባል መኖሩን ከእሱ በቀር የምናውቅ አልነበርንም። እሱም ቢሆን የሚያውቀውን ረስቶታል።

ጓዳና በራፍ

መምህሩ ያስረዱን በቤታችን ምሳሌ ነበር። «ቤታችሁ ጓዳ አለው፣ በራፍም አለው። እንግዳ ሲመጣ በራፍ ያለው ሰው ነው የሚቀበለው። ጎረቤት ጨው ሲለምን የሚሰጠው፣ ዕቃ ሲመጣ የሚረከበው፣ ጠብም ቢነሳ የሚጣላው እሱ ነው። ጓዳ ያለው ሰው ግን ከማንም ጋር አይገናኝም። አቶምም እንዲሁ ነው» አሉን።

ማንኛውም ንጥረ ነገር ከአቶሞች የተሠራ ነው። በአቶሙ መሐል ኒውክለስ አለ። በዙሪያው ደግሞ ኤሌክትሮኖች በደረጃ በደረጃ ሆነው ይገኛሉ። ለኒውክለሱ የቀረቡት፣ በኃይል ተይዘው ጓዳ የተቀመጡት የውስጥ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ከዳር ያሉት፣ ከሌላ አቶም ጋር የሚገናኙት ደግሞ ቫለንስ ኤሌክትሮኖች ይባላሉ። የንጥረ ነገሩ የኬሚስትሪ ጠባይ፣ ማለትም ከምን ጋር እንደሚዋሐድ፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው፣ መርዝ ይሁን መድኃኒት፣ በአመዛኙ የሚወሰነው በእነዚህ በበራፎቹ ነው።

ለዚህ የወጥ ቤታችን ጨው ጥሩ ምስክር ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮን አለው። ከእነዚህ 10ሩ ጓዳ ናቸው፤ በራፍ ላይ የቆመችው አንዲት ብቻ ነች። ይህች አንዲት ኤሌክትሮን እያለች ሶዲየም ውሃ ሲነካው በኃይል እየነደደ የሚፈነዳ ብረት ነው። ክሎሪን ደግሞ በበራፉ 7 ኤሌክትሮን ያለው፣ አንድ የጎደለው መርዘኛ ጋዝ ነው። ሶዲየም ያቺን አንዷን ለክሎሪን ሲሰጥ ሁለቱም ይረጋጋሉና በየቀኑ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው ይሆናሉ። የጓዳዎቹ ኤሌክትሮኖች ንቅንቅ አላሉም። ሶዲየሙም ሶዲየምነቱን አልለወጠም። የተለወጠው የአንዲት ኤሌክትሮን ቦታ ብቻ ነው። ሱብሓነላህ! በሞትና በምግብ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

ወደ ክሮሚየም እንመለስ። ክሮሚየም 24 ኤሌክትሮኖች አሉት። 18ቱ በጓዳ ናቸው። በራፍ ላይ ሆነው በሥራ የሚሳተፉት 6 ናቸው። ከእነዚህ ስድስቱ ሦስቱን ብቻ ሲያጣ «ባለ ሦስት» ክሮሚየም ይሆናል። ስድስቱንም ሲያጣ «ባለ ስድስት» ይባላል። ልዩነቱ የሦስት ኤሌክትሮን ቢሆንም ጠባያቸው የወንድማማቾች እንኳ አይመስልም።

ባለ ሦስቱ ክሮሚየም ከምናውቃቸው ነገሮች ሁሉ አብሮን የኖረ ነው። የዛሬ ቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳ የሚያለፉበት ጨው ከዚሁ ነው። ክሮሚየሙ የቆዳውን የፕሮቲን ክሮች እርስ በርስ አስተሳስሮ ከመበስበስ ያድነዋል። ቆዳ ሠራተኞች «ዌት ብሉ» የሚሉት ሰማያዊ መልክ ያለው እርጥብ ቆዳ ሰማያዊነቱን ያገኘው ከዚህ ነው። እግራችን ላይ ያለው የቆዳ ጫማም በአብዛኛው በዚህ መንገድ የለፋ ነው። ይህ ክሮሚየም በሰው አንጀት በኩል ወደ ሰውነት የሚገባው በጥቂቱ ነው። በሕዋስም ግድግዳ በቀላሉ አያልፍም።

ባለ ስድስቱ ግን ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ ክሮሜት ይሆናል። ክሮሜት በቅርጹ ሰልፌት የሚባለውንና ሰውነታችን የሚፈልገውን ውህድ ይመስላል። ስለዚህ ሕዋሶቻችን ሰልፌት መስሏቸው በር ይከፍቱለታል። ከገባ በኋላ ከሕዋሱ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን እየነጠቀ ወደ ባለ ሦስት ይመለሳል፤ በዚያ ጉዞው ግን የዘር መልእክት የያዘውን ዲ ኤን ኤ ይጎዳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ በአንደኛ ደረጃ ከመደባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እንደ ወዳጅ መስሎ ቤት የሚገባ ጠላት ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የክሮሚየም ስም ራሱ በግሪክኛ «ቀለም» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ንጥረ ነገሩን ቮክላን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1797 ካገኘው በኋላ በቀለሙ ብዛት የተነሳ ይህ ስም ወጣለት። ሩቢ የሚባለው ዕንቁ የቀላውና ኤመራልድ አረንጓዴ የሆነው በሁለቱም ውስጥ በገባ ጥቂት ባለ ሦስት ክሮሚየም ምክንያት ነው። ክሮሚየሙ አንድ ሆኖ በዙሪያው ያሉት ጎረቤቶች ስለሚለያዩ የበራፉ ኤሌክትሮኖች የሚውጡት ብርሃን ይለያያል። ቀለም የበራፎቹ ቋንቋ ነው።

መሣሪያው ያየው ጓዳውን ነበር

«ታዲያ መሣሪያው ለምን የትኛው እንደሆነ አልነገረንም?» ብላ እኅታችን ጠየቀች። የመምህሩ ፊት በራ። የሚፈልጉት ጥያቄ ይህ ነበር።

ያ መሣሪያ በአፈሩ ላይ ኤክስሬይ ይረጫል። ኤክስሬዩ በራፍ ላይ ካሉት ጋር አይነጋገርም፤ በቀጥታ ጓዳ ዘልቆ ከሁሉም ውስጥ ያለችውን ኤሌክትሮን ነቅሎ ያወጣል። ቦታዋ ክፍት ሲሆን ከላይኛው ደረጃ ሌላዋ ወርዳ ትተካታለች። ስትወርድ የምታወጣው ጨረር ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው። የክሮሚየም 5.4 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ የብረት ደግሞ 6.4 ሺህ ገደማ። ሄንሪ ሞዝሊ የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1913 ይህ ጨረር ከንጥረ ነገሩ የአቶም ቁጥር ጋር በሥርዓት እንደሚሄድ አሳየ። በዚህም እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በጓዳው የተጻፈ መታወቂያ እንዳለው ታወቀ። ሞዝሊ በ1915 በጋሊፖሊ ጦርነት ሲሞት 27 ዓመቱ ነበር።

አሁን ቁጥሮቹን እናስተያይ። ከክሮሚየም የመጨረሻዋን የበራፍ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 6.8 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከጓዳው የመጀመሪያዋን ለመንቀል ግን ወደ 6 ሺህ ያስፈልጋል። አንድ ሺህ እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። እንግዲህ በበራፍ ላይ ሦስት ጎደለ ስድስት ጎደለ፣ ጓዳው ውስጥ የሚሰማው ለውጥ ኢምንት ነው። በእጅ የሚያዘው መሣሪያም ያንን ኢምንት ለመለየት አልተሠራም። ማን እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው አይነግረንም። የሰውየውን መታወቂያ አንብቦ ሌባ ይሁን ደግ ሰው ይሁን መፍረድ እንደማይቻል ማለት ነው።

መምህሩ በዚህ አላበቁም። «በሉ አሁን ደግሞ ከዚሁ ከኮረብታችን፣ ወንዝ ደርሶት ከማያውቅ ቦታ አፈር ወስዳችሁ ለኩ» አሉን። ለካን። መሣሪያው አሁንም «ክሮሚየም» አለ! ለካስ ክሮሚየም ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚገኝ አፈር ውስጥ በተፈጥሮው ያለ ነገር ነው። አብዛኛውም በማዕድን ቅንጣት ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ባለ ሦስት ነው። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የሚወጣውም በአብዛኛው ባለ ሦስቱ ነው። ባለ ስድስቱ በብዛት የሚያሰጋው ብረት በክሮም በሚለበጥባቸው ሥራዎችና በመሳሰሉት ዘንድ ነው። እርግጥ በአፈር ውስጥ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ካለ ባለ ሦስቱን ወደ ባለ ስድስት ሊለውጠው ይችላል። በሌላ በኩል የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ባለ ስድስቱን ኤሌክትሮን እየሰጡ ወደ ባለ ሦስት ይመልሱታል። ተክሎችም የሚወስዱትን ክሮሚየም አብዛኛውን በሥራቸው ያስቀሩታል እንጂ ወደ ቅጠል የሚያደርሱት ጥቂቱን ነው። ይህን ሁሉ ሳናውቅ ነው እንግዲህ «ጎመን አትግዙ» ያልነው።

ሁለተኛው ስሕተት

የአጎታችን ልጅ ክፉኛ አፈረ። ጥፋቱን ለማረም ቸኩሎ በማግስቱ ከወንዙ ውሃ በጠርሙስ ቀዳ። በተማረው መሠረት ብረታ ብረት በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይጣበቅ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አደረገበት። ከዚያም በቤተ ሙከራ የሚሠራ አንድ ወንድማችንን ለባለ ስድስት ክሮሚየም እንዲመረምርለት ለመነው። ምርመራው ቀላል ነው። ዳይፌኒልካርባዛይድ የሚባል ኬሚካል ሲጨመር ባለ ስድስት ክሮሚየም ካለ ውሃው ሐምራዊ ይሆናል። ባለ ሦስቱ ብቻ ከሆነ ቀለሙ አይመጣም። ይህኛው እንግዲህ ጓዳውን ትቶ በራፉን የሚጠይቅ ምርመራ ነው።

ውሃው ሐምራዊ አልሆነም። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እኅታችን ስልኳን አንስታ «ወንዙ ከክሮሚየም ነፃ ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል እናታችን እጇን ያዘቻት። «እስቲ መጀመሪያ ጋሼን እንጠይቅ» አለች። አንድ ጊዜ የተቃጠለች ናትና።

መምህሩ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አሲድ ጨመርክበት?» አሉት። አሲድ ለጠቅላላ ክሮሚየም መለኪያ የሚጨመር ነው። ባለ ስድስቱን ለመፈለግ ግን ያበላሻል። ምክንያቱም በአሲድ ውስጥ ባለ ስድስቱ ኤሌክትሮን የመንጠቅ ረሃቡ ይጨምራል። በወንዝ ውሃ ውስጥ ደግሞ የሚነጥቃቸው የበሰበሱ ነገሮች ሞልተዋል። ጠርሙሱ አንድ ሌሊት ሲያድር ባለ ስድስቱ ቢኖር እንኳ ወደ ባለ ሦስት ተለውጦ ያድራል። ያን ጊዜ ምርመራው «የለም» ይላል። እውነቱ ግን «ነበረ፣ እናንተ አጠፋችሁት» ሊሆን ይችላል። ምርመራው ራሱም በአሲድ የሚካሄድ ነው፤ ነገር ግን በደቂቃዎች ስለሚያልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሦስተኛ ጊዜ ሄድን። አሁን መምህሩም አብረውን ነበሩ። ውሃው ወዲያው ተጣራ፣ ጥቂት አልካላይን እንዲሆን ተደረገ፣ በበረዶ ተይዞ በዕለቱ ተመረመረ። ቀለሙ አልታየም። የዚያን ጊዜ ማንም አልጮኸም። መምህሩ ያሉን ይህን ነበር፦ «ይህ መልስ ስለዚህች ጠርሙስ፣ ስለዚህ ቀንና ስለዚህ ቦታ ነው። ስለ ነገው ውሃ አይናገርም። ስለ እርሳስ፣ ስለ ካድሚየም፣ ስለ ጀርምም አይናገርም። ወንዛችን ቆሻሻ የተጫነበት መሆኑን ለማወቅ አፍንጫ ይበቃል። ነገር ግን የምትናገሩትን ያወቃችሁትን ያህል ብቻ ተናገሩ።»

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜናዊ ከፍታዎች ተነስተው፣ መሐል ከተማን አቋርጠው፣ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ከዚያም ወደ አዋሽ የሚፈሱ ናቸው። በመንገዳቸው የቤቱንም የፋብሪካውንም ፍሳሽ ይቀበላሉ። በዚህ ውሃ በለማ አትክልት ውስጥ የከባድ ብረቶች መኖር በተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት የተጻፈበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሥጋቱ ከንቱ ነው አንልም። ስለ ክሮሚየም ግን ጠቅላላ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መመሪያ እንኳ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ጠቅላላ ክሮሚየም የሚል ነው። የሁለቱ ጉዳት የተለያየ መሆኑ እየታወቀ በአንድ ቁጥር የተቀመጠበት አንዱ ምክንያት ለያይቶ መለካት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው።

የጤፋችንም ነገር ይኸው ነው

ይህ የጓዳና የበራፍ ነገር በክሮሚየም ብቻ የሚያበቃ እንዳይመስላችሁ። እናታችን «ታዲያ ጤፍ ብረት አለው የሚባለውስ?» ብላ ስትጠይቅ መምህሩ ሳቁ።

ጤፍ ሲመረመር ብዙ ብረት እንደሚገኝበት ይነገራል። ነገር ግን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ከዚያ ብረት የማይናቀው ክፍል ከእህሉ ሳይሆን ከአውድማው አፈር የመጣ ነው። ጤፍ መሬት ላይ በበሬ እየተረገጠ ሲወቃ ደቃቁ አፈር ከደቃቁ ፍሬ ጋር ይቀላቀላል። አፈሩን የሚያቀላው ደግሞ ብረት ነው፤ ሦስት ኤሌክትሮን ያጣና ከኦክስጅን ጋር የተሳሰረ ብረት። የቱሉ ዲምቱን ኮረብታ የሚያቀላውም፣ የዛገ ቆርቆሮ ላይ የምናየውም ይኸው ዘመድ ነው። መለኪያው ሁሉንም «ብረት» ብሎ ይቆጥራል። አንጀታችን ግን የአፈሩን ብረት ብዙም አይቀበለውም። ሰውነታችን በቀላሉ የሚወስደው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ያጣውን ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ ለእናቶች የሚጠቅም ነገር አለ። ቫይታሚን ሲ ለብረት ኤሌክትሮን ሰጥቶ ባለ ሦስቱን ወደ ባለ ሁለት ስለሚመልሰው፣ ከምስርና ከጎመን ጋር ሎሚ ወይም ቲማቲም መብላት ብረቱ በደም እንዲገባ ያግዛል። በተቃራኒው ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረቱን አስሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ በተለይ ነፍሰ ጡር እኅቶች በኢፍጣር ጊዜ ሻዩን ከምግቡ ጥቂት ቢያዘገዩት መልካም ነው። ደም ማነስ ያለባት እናት ግን «ጤፍ እበላለሁ» ብላ እንዳትዘናጋ፤ ሐኪም ትጠይቅ።

አዴን ፍለጋ

ሦስተኛው ምርመራ ባለቀ ማግስት አዴን ፍለጋ ወጣን። አባታችን፣ እናታችን፣ እኅታችንና የአጎታችን ልጅ አብረን ሄድን። ቤታቸው ከኮንዶሚኒየሙ ወዲያ ማዶ ነው። ስንደርስ የልጅ ልጆቻቸው በራፍ ላይ ይጫወታሉ። አዴ ሲያዩን ደንግጠው «ምነው፣ ደህና ናችሁ? ሰው ታመመ እንዴ?» አሉን። ይህን ሲሉ አባታችን አንገቱን ደፋ።

የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ስለ ኤሌክትሮኑ ሳይሆን ስለ ወሬው። ጽፈን ያሰራጨነው እኛ መሆናችንን ነገርናቸው። አዴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ከተቀመጡበት ተነሱ። «ኑ» አሉን። ወደ ጓሮ ወሰዱን። በዚያ ጎመኑ በመደብ በመደብ ቆሟል። ከጎኑ በቆርቆሮ የተከደነ ጉድጓድ አለ፤ ገመድና ባልዲ ከጎኑ።

«እኔ ጎመኔን የማጠጣው ከዚህ ነው» አሉ። «ወንዙ ከዚህ ሩቅ ነው። እግሬም እዚያ አያደርሰኝም። ልጆቼ፣ ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር። የጠየቀኝ ግን የለም።»

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እኛ ስለ አቶም ጓዳ ስንመራመር የጎረቤታችንን ጓሮ አላየንም ነበር። የወሰድነው አፈር የእርሳቸው አልነበረም። የለካነው ነገር የሚመለከታቸው አልነበረም። ከኤክስሬዩም፣ ከአሲዱም፣ ከሐምራዊው ቀለምም በፊት መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ «አዴ፣ ጎመንዎን በምን ያጠጣሉ?» የሚል ነበር። ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም ነበር።

«ዐውፍ ይበሉን» አልናቸው። አዴ ዓይናቸውን ጠረጉና «እኔ ይቅር ብያለሁ። ግን በነዚያ ቀናት የልጆቹን ደብተር መግዣ አጥቼ ነበር» አሉ። ይህ ንግግር ከስድብ ይበልጥ አመመን። አባታችን ያልሸጡትን ጎመን ዋጋ አስልቶ ሊሰጣቸው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። መጀመሪያ እንቢ አሉ። እናታችን «ይህ ስጦታ አይደለም፣ የእርስዎ ሐቅ ነው። እኛ ዘንድ ቢቀር ነገ እንጠየቅበታለን» ስትላቸው ተቀበሉ።

በዚያው ማታ እኅታችን በመጀመሪያው መልእክት በተጻፈበት ገጽ ላይ ሁለተኛ መልእክት ጻፈች። ከማን እንደተሳሳተ ሳትደብቅ፣ ምን እንደተለካና ምን እንዳልተለካ ዘርዝራ፣ የአዴ ጎመን በጉድጓድ ውሃ የሚለማ መሆኑን አስረድታ። ታዲያ የሚገርመው፣ የመጀመሪያው መልእክት በአንድ ሰዓት ሕንፃውን ሲያዳርስ ሁለተኛውን ለማዳረስ ሳምንት ፈጀብን። በየበሩ እየሄድን ማስረዳት ነበረብን። ሐሰት ክንፍ አለው፤ እርማት ግን በእግሩ ይሄዳል። ረመዷን ሲገባ አዴ ወደ ደረጃው ሥር ተመለሱ። ሁሉም ደንበኛ ግን አልተመለሰም። አንዳንዱ እስከ ዛሬ ጎመናቸውን አይቶ ያልፋል። ያ የእኛ ዕዳ ነው።

በመጨረሻ

ሱረቱል ሑጁራት ላይ ወሬ ሲመጣ ማጣራት የታዘዘው ሰዎችን ባለማወቅ እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት መሆኑን በልጅነታችን በመድረሳ ተምረናል። ነገር ግን ማጣራት ማለት ወሬው ከታማኝ ሰው መምጣቱን ማረጋገጥ ብቻ ይመስለን ነበር። የአጎታችን ልጅ ታማኝ ነው። መሣሪያውም አልዋሸም፤ ክሮሚየሙ በእርግጥ ነበረ። ጥፋቱ የተሠራው እውነተኛውን ነገር ከሚናገረው በላይ በማናገራችን ነው። ማጣራት ማለት «ይህ መረጃ የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?» ብሎ መጠየቅም ጭምር መሆኑን የተማርነው በአዴ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ነገር ሲደርሳችሁ ምን እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ፣ ከየት እንደተወሰደ ጠይቁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሳይንስ ሲማሩ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን ስልክ ከማንሳታቸው በፊት «ቆይ» በሏቸው። እናቶች ሆይ፣ አትክልት ከየትኛው ውሃ እንደመጣ ሻጩን በአክብሮት ጠይቁ፤ በንጹሕ ውሃም ደጋግማችሁ እጠቡ። ማጠብ ጀርምና አፈር ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባ ብረት ግን በማጠብ አይወጣም። ለዚህ መፍትሔው የወንዙ መጽዳት ነው። እሱም የሁላችንም አማና ነው።

ዛሬ ጠዋት እናታችን ከአዴ ሁለት እስር ጎመን ገዝታ መጣች። ከሥሩ ላይ ትንሽ ቀይ አፈር ተጣብቆ ነበር። የአጎታችን ልጅ አይቶ ፈገግ አለና «ብረት ነው፣ ባለ ሦስቱ» አለ። እናታችን «አውቃለሁ። አሁን ሂድና እጠበው» አለችው።